«የቤተሰብ ድጋፍ»፦ ከኮምቦልቻ ወደ ስፔን የሄደ አንድ ፋይል

ልጁ ወረቀቱን ጠረጴዛዬ ላይ ዘረጋው። የባንክ ስቴትመንት ነው፤ ከየካቲት 2016 እስከ መጋቢት 2017፣ የአሥራ አራት ወር። በየወሩ አንድ ወፍራም ገቢ አለ። ከገቢው ጎን ያለችውን ጠባብ ዓምድ በጣቴ እየተከተልኩ ወረድኩ። «የቤተሰብ ድጋፍ»። ቀጥሎ ያለው ወርም «የቤተሰብ ድጋፍ»። አሥራ አራቱም እንዲያ ናቸው።

«ይሄ የሥራህ ክፍያ ነው?» አልኩት።

«አዎ ጋሼ።»

«ታዲያ ማነው የሚደግፍህ?»

ደሴ ፒያሳ አካባቢ ትንሽ ቤት አለችኝ። ጽሕፈት፣ ፎቶ ኮፒ፣ ስካን፣ ከአማርኛ ወደ እንግሊዝኛ ትርጉም እሠራለሁ። ስጀምር ሥራዬ አቤቱታና ውል መጻፍ ነበር። አሁን ግማሹ ደንበኛዬ የውጭ አገር ፎርም ይዞ ነው የሚመጣው። አብዛኛው ለዐረብ አገር ነው፤ አንዳንዱ ለትምህርት። ይሄኛው ግን ለየት ያለ ነበር። ቤቱ ተቀምጦ ለውጭ ኩባንያ የሚሠራ ሰው፣ ያንኑ ሥራውን ይዞ ሌላ አገር ለመኖር የሚጠይቀው ቪዛ ነው። ኢስቶኒያ በፈረንጆቹ 2020 ከጀመረችው ወዲህ ብዙ አገሮች ተከትለዋታል። እኔ ግን ፎርሙን በእጄ ስይዝ የመጀመሪያዬ ነው።

ጉዳዩን የምጽፈው ልጁ ፈቅዶልኝ ነው። ስሙን አልጠራም። የአባቱ ስም ግን ኋላ ላይ ስለሚያስፈልገን ልንገራችሁ፤ ሙሐመድ ነው። በዚህ ብቻ ወሎ ውስጥ ፈልጎ የሚያገኘው ካለ ይሞክር።

ዕድሜው ሠላሳ ነው። ኮምቦልቻ ቴክኖሎጂ ኢንስቲትዩት ነው የተማረው። ከጥር 2015 ጀምሮ ሆላንድ ላለ አንድ መካከለኛ ኩባንያ ይሠራል። ኩባንያው ፕሮግራም ከመልቀቁ በፊት እሱ ይነካካዋል፤ የሚበላሽበትን ቦታ ፈልጎ ያሳያቸዋል። በወር 3,100 ዩሮ ይከፍሉታል። ኮምቦልቻ ከቦርከና ወንዝ ማዶ በተከራየው ክፍል፣ ቁምጣ ለብሶ፣ ቬንትሌተር አብርቶ ነው የሚሠራው። ሚስቱ መምህር ናት። ሰፈሩ ግን «እሷ ትሠራለች፣ እሱ ቤት ይጠብቃል» ነው የሚለው። እናቱ ሳይቀሩ «ልጄ፣ ለሥራ ማስታወቂያ እንኳ አትወጣም?» እያሉ ሲወተውቱት ኖረዋል።

ለምን መሄድ ፈለገ? ገንዘብ አይደለም። በዚያ ገቢ ኮምቦልቻ ላይ ንጉሥ ነው። የኢንተርኔት ጉዳይ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ሲታወጅ የክልሉ የሞባይል ዳታ ጠፋ። ለወራት ቆየ። ልጁ በገመድ የሚመጣ መስመር ያለበትን ቤት እያሰሰ ነበር የሚሠራው። አንድ ሰሞን የአንድ ሆቴል ሎቢ ውስጥ በአንድ ሻይ አራት ሰዓት ተቀምጦ ይውል ነበር። አስተናጋጇ መጥታ ብርጭቆውን ታነሳለች፣ እሱ መልሶ ሻይ ያዛል። አለቃው ደግ ሰው ነው፤ ታገሠው። ግን ሁለተኛ እንዲህ ከሆነ ውሉን ማደስ እንደሚከብዳቸው በጽሑፍ ነገረው። ያቺን ኢሜይል አትሞ ፋይሉ ውስጥ ይዟት ነበር። ለምን እንደያዛት አላውቅም። ለቪዛው አትጠቅምም።

መጀመሪያ ያሰበው ፖርቱጋልን ነበር። ጓደኞቹ ሁሉ ስለ ፖርቱጋል ነው የሚያወሩት። ሁለት ሳምንት ሙሉ በእሷ ላይ ባከነ። ፖርቱጋል ለዚህ ቪዛ የምትጠይቀው ገቢ ከአገሪቱ ዝቅተኛ ደመወዝ አራት እጥፍ ነው። በፈረንጆቹ 2025 ዝቅተኛው 870 ዩሮ ነበር። አራት እጥፉ 3,480። የሱ 3,100። ይህን ስሌት በካልኩሌተር ሠርቼ ሳሳየው ዝም አለ። ከዚያ በፊት ግን የግብር ነዋሪነት ማስረጃ (ግብሩ የየትኛው አገር እንደሆነ የሚያሳይ ወረቀት) ፈልጎ አንድ መሥሪያ ቤት ሄዶ ነበር። ፖርቱጋል ያንንም ትጠይቃለች። የሆነውን ራሱ እንዲህ አጫወተኝ።

«ድርጅቱ የት ነው?»

«ሆላንድ።»

«እዚህ ቅርንጫፍ አለው?»

«የለውም።»

«ማነው ታዲያ ግብርህን የሚቆርጥልህ?»

«ማንም።»

«ንግድ ፈቃድስ?»

«ነጋዴ አይደለሁም።»

«ተቀጣሪ አይደለህ፣ ነጋዴ አይደለህ። ምን ብዬ ልመዝግብህ ወንድሜ?»

ሰው በሠራተኛው ይስቅ ይሆናል፤ እኔ ግን ጥያቄው ልክ ነው ባይ ነኝ። አገር ውስጥ የሚኖር ሰው ከውጭ የሚያገኘውም ገቢ ግብር ይመለከተዋል። ልጁ ሁለት ዓመት ከምናምን ሠርቶ፣ ሥራው እውነተኛ ሆኖ፣ ወረቀት ላይ ግን የለም። ለጎረቤት ሥራ ፈት ነው፣ ለባንክ የዘመድ ጥገኛ ነው፣ ለግብር ደግሞ ማንም አይደለም። ኤምባሲ የሚባለው ነገር የሚያውቀው ወረቀቱን ብቻ ነው። ስለዚህ ከቪዛው በፊት የነበረን ሥራ ልጁን ኮምቦልቻ ላይ «ሠራተኛ» ማድረግ ነበር። ስፔን ሳትሰምር ብትቀር እንኳ የማይቀር ሥራ ነው። የግብር መለያ ቁጥር አወጣ፣ በአማካሪነት ንግድ ፈቃድ አወጣ፣ ያለፈውንም አስታውቆ መክፈል ጀመረ። ዘርዝሬ አላሰለቻችሁም።

ወደ ስፔን ዞርን። ስፔን ይህን ቪዛ ያመጣችው በሕግ ቁጥር 28/2022 ነው። የገቢ መለኪያዋ ከዝቅተኛ ደመወዟ ሁለት እጥፍ ነው። የ2025 ዝቅተኛ ደመወዝ 1,184 ዩሮ ነበር፤ ግን ስፔኖች ደመወዝ በዓመት አሥራ አራት ጊዜ ነው የሚቆጥሩት። በአሥራ ሁለት ሲከፋፈል ወደ 1,381 ይሆናል። ሁለት እጥፉ 2,763። እዚህ ላይ ብዙ ሰው ይሳሳታል። 1,184ን በሁለት አባዝቶ 2,368 ይበቃኛል ብሎ የሚያመለክት አለ። የኛ ልጅ 3,100 ስላለው በ337 ዩሮ አለፈ። ደስ ብሎት ሚስቱን ስልክ ላይ ጠርቶ «ሁለታችንም እንሄዳለን» ሲላት ሰማሁ።

አቁም አልኩት። ለአንድ የቤተሰብ አባል የዝቅተኛውን ደመወዝ 75 በመቶ መጨመር አለበት። 1,036 ዩሮ ማለት ነው። ድምሩ 3,799። የሚጎድለው 699 ነው። የሷ የመምህርነት ደመወዝ ደግሞ ለዚህ ስሌት አይገባም፤ ስፔን ስትገባ ይቋረጣላ። ስልኩ አሁንም ጆሮው ላይ ነው። «ቆይ መልሼ እደውልልሻለሁ» ብሎ ዘጋው።

ከዚያ በኋላ ለአንድ ሳምንት አልመጣም። በኋላ እንደሰማሁት በዚያ ሳምንት አንድ ደላላ አግኝቶት ኖሯል። «ስቴትመንቱን እኛ እናስተካክልልሃለን፣ ገቢውን 4,000 እናደርገዋለን» ብሎታል። ጠጋ ብሎም ነበር። የመለሰችው ሚስቱ ናት። «ውሸቱ ከተያዘ ሥራህም ይሄዳል» አለችው። እኔ ብሆን ይህን ያህል አጥርቼ አልናገረውም ነበር። ብቻውን ቀድሞ እንዲሄድ፣ ገቢው ሲያድግ እሷ እንድትከተል ተስማሙ።

አሁን ወደዚያች ጠባብ ዓምድ እንመለስ። ከጉዳዩ ሁሉ ጊዜ የበላው እሱ ነው።

መጀመሪያ ላይ ኩባንያው ክፍያውን የሚልከው ጀርመን ላለ የአክስቱ ልጅ ነበር። የአክስቱ ልጅ ደግሞ በሐዋላ ይልክለታል። ገንዘብ ሲመጣ ባንኩ ምክንያቱን ይጠይቃል። ዘመድ ነው የላከው፣ «የቤተሰብ ድጋፍ» ተባለ። ያኔ ልክ ነበር፤ ቢያንስ ግማሽ ልክ። የካቲት 2016 ላይ ኩባንያው በቀጥታ በስዊፍት፣ ባንኮች እርስ በርስ በሚላላኩበት መረብ፣ መላክ ጀመረ። የላኪው ስም ተቀየረ። ምክንያቱ ግን አልተቀየረም። የቅርንጫፉ ገንዘብ ተቀባይ ልጁን ታውቀዋለች፣ ገና ሲገባ ፎርሙን ትሞላለታለች። «እንደ ሁልጊዜው ነው አይደል?» ትለዋለች። «አዎ» ይላል። በቃ። አሥራ አራት ጊዜ «አዎ»።

ልጁ ስቴትመንቱን ይዞ ሲሄድ ቅርንጫፉ ያለፈውን መቀየር አይቻልም አለው። እውነታቸውን ነው፤ የተዘጋ ሒሳብ ነው። ሆኖም ሁለት ነገር ጠየቅናቸው። አንደኛ፣ የእያንዳንዱን ዝውውር የስዊፍት መልእክት እንዲያትሙለት። እዚያ ላይ የላኪው ኩባንያ ስምና በዩሮ የተላከው መጠን ተጽፏል። ሁለተኛ፣ ላኪው ማን እንደሆነ የሚገልጽ ደብዳቤ እንዲሰጡት። ለደብዳቤው አምስት ጊዜ ከኮምቦልቻ ተመላልሷል። አምስተኛው ቀን ላይ ሥራ አስኪያጁ ራሱ «መጀመሪያ ይህን ብትለኝ እኮ» ብሎ በአሥር ደቂቃ ጻፈለት።

የስዊፍቱ መልእክት በሌላም መንገድ አዳነን። ሒሳቡ በብር ነው። ሐምሌ 22 ቀን 2016 ብሔራዊ ባንክ የውጭ ምንዛሪውን ለገበያ ሲለቀው ብሩ ወረደ። ስለዚህ ስቴትመንቱ ላይ ያው 3,100 ዩሮ መጀመሪያ ወደ 190 ሺህ ብር ነው፤ በመጨረሻዎቹ ወራት ከ400 ሺህ በላይ። የአገራችንን ነገር የማያውቅ ሰው ሲያየው ገቢው በድንገት የዘለለ ይመስለዋል። ወይ ደግሞ ሰው ቪዛ ሊጠይቅ ሲል ሒሳቡን የነፋ። እያንዳንዱን ረድፍ ከዩሮው ጋር ያያያዘ ሰንጠረዥ ሠራሁለት። ከግንቦት ጀምሮ ደግሞ በውጭ ምንዛሪ ሒሳብ እንዲገባለት አደረገ። አዲሱ የምንዛሪ መመሪያ በውጭ ገንዘብ ለሚከፈላቸው ነዋሪዎች ይህን ፈቅዷል። በዚያ ሒሳብ የመጀመሪያው ረድፍ ላይ «የአገልግሎት ክፍያ» የሚለውን ሳይ፣ አልዋሽም፣ ደስ ብሎኛል።

አንድ ነገር ግን እምቢ አልኩ። ልጁ ለኩባንያው ኢንቮይስ (የክፍያ መጠየቂያ) ቆርጦ አያውቅም። ገንዘቡ በየወሩ በራሱ ይመጣለታል። «ጋሼ፣ ወደ ኋላ ቀን አድርገን የአሥራ አራቱን ወር ኢንቮይስ እንሥራ» አለኝ። ሐሰተኛ አይደለም፣ ገንዘቡ መጥቷል፣ ነው ክርክሩ። እኔ የኋላ ቀን ያለበት ወረቀት ከቤቴ አይወጣም ብዬ አላስጠጋሁትም። የኩባንያው ሒሳብ ሠራተኛ በየወሩ የከፈሉትን ዘርዝራ፣ ዛሬን ቀን ጽፋ፣ ፈርማ ላከችለት። ያ ይበቃል። ከግንቦት ወዲህ ያለውን በየወሩ በኢንቮይስ አደረገው።

ስሞቹ ላይ እንምጣ። ሙሐመድ በግዕዝ ፊደል ሙሐመድ ነው፤ አለቀ። በላቲን ሲጻፍ ግን ጣጣው ብዙ ነው። ፓስፖርቱ ላይ በኦ እና በአንድ ኤም ተጽፏል። ዲግሪው ላይ በኦ እና በሁለት ኤም። ባንኩ ጋ ደግሞ በዩ። ሦስት አባት ያለው ልጅ ሆነ። ሕጉ ቀላል ነው፤ አለቃው ፓስፖርት ነው፣ ሌላው ሁሉ እሱን ይከተላል። ባንኩ ወዲያው አስተካከለ። ዲግሪውን ግን መልሶ ማሳተም ከባድ ስለሆነ፣ ሁለቱም አጻጻፎች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ደብዳቤ ከተማረበት ቦታ አመጣ።

ዲግሪው ባይኖርስ? ስፔን ዲግሪ ወይም ሦስት ዓመት የሥራ ልምድ ነው የምትለው። የሱ ልምድ ሲያመለክት ሁለት ዓመት ከዘጠኝ ወር ነበር። ሦስት ወር ጎደለው። ስለዚህ ዲግሪው ግድ ሆነ።

የቀን ጉዳይ ደግሞ እኔ ራሴ ያገኘሁት ነው፣ ለዚህ ትንሽ ብኮራ አትፍረዱብኝ። ሚስቱ ለወደፊት ይሁን ብላ የጋብቻ ምስክር ወረቀታቸውን ለትርጉም አመጣች። የባል የልደት ቀን ታኅሣሥ 25፣ 1987። ጎኑ ላይ በፈረንጅ ጃንዋሪ 3፣ 1994 ይላል። ፓስፖርቱ ግን 1995 ነው። የሞላው ሰው ሰባት ዓመት ደምሮ ሄዷል። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ልዩነቱ ሰባት ነው። ታኅሣሥ 23 ላይ ፈረንጆቹ ዓመት ይለውጣሉ፣ ልዩነቱም ስምንት ይሆናል። ልጁ የተወለደው ከዚያ በሁለት ቀን ዘግይቶ ነው። ለሁለት ቀን ብሎ አንድ ዓመት አረጀ። እንዲስተካከል መልሰን ላክናት።

«ጋሼ፣ ይህን ማንም አያየውም እኮ» አለችኝ።

«እኔ አየሁት አይደል?» አልኳት።

ከዚያ የማኅተም ጉዞው መጣ። ኢትዮጵያ አፖስቲል በሚባለው፣ የአንዱን አገር ሰነድ ሌላው በአንድ ማኅተም በሚቀበልበት የ1961 የሄግ ስምምነት ውስጥ የለችም። ስለዚህ የኛ ሰው ሰነድ በአንድ ማኅተም አይጨርስም። ዲግሪው በትምህርትና ሥልጠና ባለሥልጣን ይረጋገጣል፣ ከዚያ ውጭ ጉዳይ ሚኒስቴር፣ ከዚያ ኤምባሲው። ከወንጀል ነጻ ማስረጃው ከፌዴራል ፖሊስ ይወጣና እሱም በውጭ ጉዳይ በኩል ያልፋል። በመጨረሻ ሁሉም ወደ ስፓኒሽ ይተረጎማል፤ ያውም የስፔን መንግሥት በሚያውቀው ተርጓሚ። የኔ እንግሊዝኛ እዚህ አይሠራም። ይህን ስነግረው «ታዲያ አንተን ምን አደርግሃለሁ?» ብሎ ቀለደብኝ። ለመጀመሪያ ጊዜ አንተ ያለኝ ያኔ ነው፤ ደስ ስላለው አለፍኩት።

የጉዞው ቅደም ተከተል ላይ ምክር አለኝ። ከወንጀል ነጻ ማስረጃው ቀኑ ያልፍበታል። ስለዚህ መጨረሻ ላይ ነው የሚወጣው። ልጁ መጀመሪያ አውጥቶት ስለነበር ሁለተኛ አዲስ አበባ መሄድ ነበረበት። ከኮምቦልቻ አዲስ አበባ ወደ 380 ኪሎ ሜትር ነው፤ መንገዱን ፈርቶ በአውሮፕላን ነው የሄደው። ይህም ሌላ ወጪ።

ሌላው ወፍራም ጉዳይ የማኅበራዊ ዋስትና፣ ማለትም የጡረታና የሕክምና መዋጮ፣ ነው። ስፔን ከኢትዮጵያ ጋር በዚህ ላይ ስምምነት የላትም። ስለዚህ እንደ ተቀጣሪ ሆኖ «አገሬ ላይ ዋስትና አለኝ» ማለት አይሠራም። ልጁ ውሉ በኮንትራክተርነት ስለሆነ በግል ሠራተኛነት አመለከተ። እዚያ ሲደርስ በግል ሠራተኞች ሥርዓት እንደሚመዘገብ ፈርሞ ቃል ገባ። ያኔ ለመጀመሪያው ዓመት የሚከፈለው በወር ወደ 80 ዩሮ ነበር። በዚህ መንገድ የሄደ ሰው ከስፔን ደንበኞችም መሥራት ይችላል፤ ግን ከሥራው 20 በመቶ መብለጥ የለበትም። ከ183 ቀን በላይ ከቆየ ደግሞ ግብሩ ስፔን ነው። ይህን ሁሉ ሳነብለት «ጋሼ፣ እዚያም ምን ብዬ ልመዝግብህ ይሉኛል ማለት ነው» አለኝ። እዚያስ ቢያንስ የሚመዘገብበት ሳጥን አለ።

ፋይሉ ጥቅምት 2018 ላይ ገባ። ሦስት ሳምንት ዝም አለ። ከዚያ ማሟያ ጠየቁት፤ ኩባንያው ቢያንስ አንድ ዓመት በሥራ ላይ መቆየቱን የሚያሳይ ማስረጃ። አሥር ቀን ሰጡት። ኩባንያው በጻፈለት ደብዳቤ ላይ ከርቀት እንዲሠራ እንደሚፈቅድለት አለ፣ ከሦስት ወር በላይ አብሮ መሥራቱም አለ። የኩባንያው የንግድ ምዝገባ ግን የለም። የኔ ጥፋት ነው። ዝርዝሩ ላይ አይቼው ነበር፣ የታወቀ ኩባንያ ነው ብዬ አለፍኩት። ለማን ነው የታወቀው? አለቃው በማግሥቱ ከሆላንድ ንግድ ምክር ቤት የምዝገባውን ቅጂ አውጥቶ ላከ። አስተርጉመን በስድስተኛው ቀን ገባ።

ኅዳር ላይ ቪዛው መጣ። የአንድ ዓመት ነው። እዚያ ሆኖ የሦስት ዓመት የመኖሪያ ፈቃድ ይጠይቅበታል። እናቱ ሲሰሙ መጀመሪያ ያሉት «ሥራ አገኘ ማለት ነው?» ነው አሉ።

ታኅሣሥ ላይ ሄደ። ከመሄዱ በፊት የ699 ዩሮዋን ነገር ለአለቃው ጽፎለት ነበር። አለቃው ውሉ ሲታደስ እንነጋገራለን ብሏል። የስፔን ዝቅተኛ ደመወዝ ግን በየዓመቱ ስለሚስተካከል፣ የሚጎድለው ቁጥርም አንድ ቦታ አይቆምም።

ጥር ላይ ሚስቱ የተስተካከለውን የጋብቻ ምስክር ወረቀት ይዛ መጣች። አሁን 1995 ይላል። ከቦርሳዋ ስታወጣው የባንክ ደረሰኝም አብሮ ወጣ፤ ባሏ ለመጀመሪያ ጊዜ የላከላት ገንዘብ ነው። ሳላስበው ዓይኔ ምክንያት የምትለዋ ሳጥን ላይ አረፈ። «የቤተሰብ ድጋፍ»።

አየችኝና ሳቀች። «ጠይቃኝ ነው የሞላችው ጋሼ» አለች።

ምስክር ወረቀቱን ሁለት ኮፒ አደረግሁላት። ደረሰኙንም አንድ ጨመርኩበት፤ ለፋይሉ።